የማይሰማ ሕመም፣ የሚሰማ መድኃኒት፦ የጎንዮሽ ጉዳትን የማስረዳት ታሪክ በሐረር



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ አጭር ንግግር ነው። የሚካሄደው በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ነው፤ ከአንድ ደቂቃ እምብዛም አይበልጥም፤ ብዙ ጊዜም ጨርሶ አይካሄድም። ባለሙያው የደም ግፊት ወይም የልብ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው «ይህ መድኃኒት እንዲህ ያለ ነገር ሊያመጣብዎት ይችላል» ብሎ የሚያስረዳበትን ንግግር ማለቴ ነው። የፋርማሲ መምህር እንደ መሆኔ ስለ አሠራሩና ስለ መመሪያው ብናገር ይቀለኝ ነበር። ታሪኩን የመረጥሁት ግን ይህ ንግግር ለምን እንዲህ እንደ ከበደን የሚገልጥልን እርሱ ስለ መሰለኝ ነው።

ከአንድ ቃል ልጀምር። በአማርኛ የሚዋጠውን መድኃኒት ሁሉ «ኪኒን» እንለዋለን። ቃሉ የመጣው ከኩዊኒን፣ ማለትም ከወባ መድኃኒቱ ስም ነው። አንድ መድኃኒት ስሙን ለመድኃኒት ሁሉ ያወረሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ኩዊኒን ወዲያው ይታወቃል፤ ምሬቱ ምላስ ላይ ይቀራል፣ ጆሮ ውስጥ ይጮኻል፣ ራስ ያዞራል፤ ነገር ግን ሲያንቀጠቅጥ የሰነበተውን ትኩሳትም በጥቂት ቀናት ውስጥ ያበርዳል። በሽተኛው ጉዳቱንም ጥቅሙንም በገዛ ሰውነቱ ይመዝናል። ጆሮው ቢጮኽ ትኩሳቱ እንደ ለቀቀው ያውቃልና ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልግም ነበር።

ከኪኒን በፊት ደግሞ ኮሶ ነበር። ኮሶን እዚህ ላይ ማንሣቴ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ እንደሚያሰኝ አውቃለሁ፤ ለሐረር ነባር ነዋሪም የሩቅ ነገር ሊመስል ይችላል። ሆኖም ከ1879 ዓ.ም. በኋላ ከሸዋ ወደ ሐረር የገባው ሠራዊት ጥሬ ሥጋውንና የኮሶ ልማዱን ይዞ እንደ መጣ መገመት አይከብድም። የኮሶ ዛፍ አበባ ደርቆና ተወቅጦ በውኃ ይበጠበጣል፤ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ያስቀምጣል፣ ያቅለሸልሻል፣ አቅም ያሳጣል፤ መጠኑ ሲበዛም ለዓይንና ለሕይወት አደገኛ ነው፤ ለነፍሰ ጡርም እንደማይሰጥ የታወቀ ነበር። ይህን ሁሉ የሚያውቀው መድኃኒት አዋቂው ብቻ አልነበረም፤ ቤተሰቡ በሙሉ ያውቅ ነበር። ኮሶ የሚጠጣ ሰው ቀን ይመርጣል፣ ሥራ ይተዋል፣ እንግዳ አይቀበልም። እንዲያውም «ኮሶ ጠጥቷል» ማለት የማይፈለግን ጠያቂ ከደጅ የመመለሻ የታወቀ ሰበብ ሆኖ ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የአንድ መድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት በኅብረተሰቡ ዘንድ ይህን ያህል የታወቀ ከመሆኑ የተነሣ በጨዋ ደንብ ውስጥ ገብቶ ሰበብ እስከ መሆን ደርሷል።

ከዚህ ዓለም የወረስነው አንድ ሌላ ቃል አለ፤ «ማርከሻ» የሚለው ነው። ብርቱ መድኃኒት የሚሰጥ አዋቂ መድኃኒቱ ያለ ልክ ሲሠራ በምን እንደሚገታ አብሮ ያውቃል፤ ወተት ይሆናል፣ ማር ይሆናል፣ በሶ ይሆናል። ማርከሻውን የማያውቅ ሰው መድኃኒቱን ያውቃል አይባልም። ባህላዊው ሕክምና ሁሉ መልካም ነበር ማለቴ አይደለም፤ በመጠን ስሕተት የጠፋው ሰው ቀላል እንዳልነበር እገምታለሁ። ነገር ግን የመድኃኒቱ ጉዳት ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ የሚሰጥ ዕውቀት ነው የሚለው ሐሳብ ከውጭ የመጣብን አዲስ ትምህርት አለመሆኑን ቃሉ ራሱ ይመሰክራል።

ወደ ከተማችን እንመለስ። ራስ መኮንን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በሐረር ሆስፒታል አቆሙ፤ ሐኪሙም ከጓዴሉፕ ደሴት የመጣው ዶክተር ጆሴፍ ቪታሊየን ነበር፤ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ለሆኑት ለልጅ ተፈሪም ፈረንሳይኛ አስተምሯል። ሐኪሙ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነበር። በሽተኛው ግን ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ ወይም ሶማሊኛ ነበር የሚናገረው። ስለዚህ በሐረር ዘመናዊ ሕክምና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በትርጉም የሚሠራ ሕክምና ነበር፤ አስተርጓሚ ደግሞ ሲቸኩል መጀመሪያ የሚያስቀረው የማስጠንቀቂያውን ክፍል ነው። «ጠዋትና ማታ ይውሰድ» የሚለው ይተረጎማል፤ «ምናልባት እንዲህ ሊሰማው ይችላል» የሚለው ይቀራል። በመቶ ዓመት ውስጥ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ይህ ግን እምብዛም አልተለወጠም።

በዚያ ሆስፒታል የደም ግፊት ሕመምተኛ የሚባል ሰው ሊኖር አይችልም ነበር። የደም ግፊትን ክንድ ላይ በሚጠመጠም ከረጢት የመለካት ብልሃት በጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1896፣ በዓድዋው ዘመቻ ዓመት ነው፤ በማዳመጫ የላይኛውንና የታችኛውን ልክ መለየት ያስቻለው የሩሲያዊው ኮሮትኮቭ ግኝት ደግሞ በ1905 ነው። ከዚያ በፊት የደም ግፊት ማንም የማያየው፣ ባለቤቱም የማይሰማው ነገር ነበር። መሣሪያው ከመጣም በኋላ ሐኪሞች ለረጅም ዘመን ልኩን ከማንበብ ያለፈ የሚሰጡት አልነበራቸውም።

መድኃኒቶቹ የመጡት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ ታሪካቸውም በአመዛኙ የጎንዮሽ ጉዳት ታሪክ ነው። በ1950 አካባቢ የነበሩት እንደ ሄክሳሜቶኒየም ያሉት ግፊቱን በእርግጥ ያወርዱ ነበር፤ ነገር ግን ሰውየው ከተቀመጠበት ሲነሣ ይወድቃል፣ ዓይኑ ይደበዝዛል፣ አንጀቱ ይደርቃል። ከሕንድ ዕፅ የተገኘው ሪሰርፒን ተከተለ፤ ዶክተር ሩስቶም ቫኪል ስለ ዕፁ በ1949 ካሳወቁ በኋላ በዓለም ተሠራጨ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ከብርቱ ሐዘንና ድባቴ ጋር መያያዙ ይነገር ጀመር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሽንት የሚያበዙት ታያዛይዶች መጡ፤ በ1960ዎቹ ሜቲልዶፓና ፕሮፕራኖሎል፤ በ1981 ከብራዚል እባብ መርዝ ጥናት የተወለደው ካፕቶፕሪል፤ ከዚያም ኢናላፕሪልና አምሎዲፒን። መድኃኒቶቹ በእርግጥ ሕይወት ያተርፋሉ የሚለው ማስረጃ አሜሪካ ውስጥ በጦር ጉዳተኞች ሆስፒታሎች ጥናት የተረጋገጠው በ1967 ነው። ከዚያ በኋላ ያለው እሽቅድድም ግፊትን ከማውረድ ይልቅ በሽተኛው ሊታገሠው የሚችል ኪኒን የማግኘት ሆኖ እናገኘዋለን።

እዚህ ላይ ዋና ሐሳቤ ይመጣል። ከኩዊኒንና ከኮሶ ጋር ስናነጻጽረው የደም ግፊት መድኃኒት ፍጹም የተገለበጠ ነገር ነው። ሕመሙ አይሰማም፤ ጥቅሙም አይሰማም፤ ጥቅሙ ከዐሥር ዓመት በኋላ ባልመጣ የአንጎል ደም መፍሰስ፣ ባልደከመ ልብ የሚቆጠር ነውና። በሰውነት ላይ የሚሰማ አንድ ነገር ብቻ ቢኖር የጎንዮሽ ጉዳቱ ነው። ለዘመናት መድኃኒትን በሰውነቱ ሲመዝን የኖረ ሕዝብ አሁንም በዚያው ሚዛን ሲመዝነው ኪኒኑ በሽታ ሆኖ ይወጣል። «ደህና ነበርሁ፤ ይህን ከጀመርሁ ወዲህ ታመምሁ» የሚል ሰው አላዋቂ አይደለም። በእጁ ካለው ማስረጃ ትክክለኛውን መደምደሚያ ላይ የደረሰ ሰው ነው። የጎደለው እኛ ልንሰጠው የሚገባን ማስረጃ ነው።

የበሽታው ስም ራሱ ነገሩን አባብሶታል። ሰዉ «ደም ብዛት» ይለዋል፤ ደም በዛ ማለት ነው። ደም ከበዛ ደግሞ መቀነስ ነው፤ ዋግምት ወይም በከተማችን ሒጃማ የምንለው ለዚህ ተገቢ መድኃኒት ይመስላል። ታዲያ ኪኒኑን የጀመረ ሰው ከአልጋው ሲነሣ ቢያዞረው ምን ይላል? «ደሜን አሳነሰው» ይላል፤ ያቆመዋልም። «ደም ግፊት» የሚለው የሕክምና ስም የተሻለ ነው፤ ነገር ግን በመስኮቱ ላይ ስሙን ብቻ ለውጠን ሥዕሉን ሳንለውጥ ቀርተናል። የቧንቧ ምሳሌ የሚሰጥ ተማሪ አለኝ፤ ቧንቧው ጠበበ እንጂ ውኃው አልበዛም እያለ ያስረዳል። በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ትምህርት ነው።

በአሁኑ ዘመን በመስኮቱ ላይ ወዳለው ልለፍ፤ እዚህ ላይ ጥቂት እቆያለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው ጥናት ከአዋቂው ሕዝብ ወደ 16 በመቶ የሚሆነው የደም ግፊቱ ከልክ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ሰው ጤና ጣቢያም ይሂድ፣ በሐረር ጁገል ሆስፒታልም ይምጣ፣ ከቅጥሩ ውጭ ሕይወት ፋናም ይታከም፣ የሚሰጡት መድኃኒቶች ጥቂትና የታወቁ ናቸው፦ አምሎዲፒን፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ኢናላፕሪል፣ ልቡ ለሚያስፈልገው ደግሞ አቴኖሎል ወይም የመሳሰለው። የጎንዮሽ ጉዳታቸውም ጥቂትና የታወቀ ነው። ማስረዳት የሚያስቸግረው በብዛቱ አይደለም።

መድኃኒቱ በትልቅ ካርቶን ይመጣል። በካርቶኑ ውስጥ አንድ የማብራሪያ ወረቀት አለ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ፊደሉም የደቀቀ። ፍሬው በዐሥር በዐሥር ተቆርጦ ለብዙ ሰው ይታደላል፤ ወረቀቱ ከካርቶኑ ጋር ይጣላል ወይም ለመጠቅለያ ይሆናል። በጤናው ዓለም ለበሽተኛው ራሱ የሚሆን የማስጠንቀቂያ ወረቀት የተጀመረው አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1968 ለአንድ የአስም መድኃኒት፣ በ1970 ደግሞ ለወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ነው፤ ያን ጊዜ ሐኪሞች በሽተኛው ይደነግጣል ብለው በብርቱ ተቃውመውት ነበር። እኛ ዘንድ ወረቀቱ ያለ ክርክር ገባ፤ ያለ ክርክርም ጠፋ። የቀረን የሰው አፍ ነው።

አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፤ በተለይ መጠኑ ወደ 10 ሚሊግራም ሲያድግ። የሚሆነው እንዲህ ነው፦ መድኃኒቱ ደም የሚያመጡትን ደቃቅ ሥሮች ከሚመልሱት ይልቅ ያሰፋቸዋል፤ በመካከሉ ግፊት ይፈጠርና ውኃ ወደ ሥጋው ይሰርጋል፤ ቀኑን ሙሉ በቆመችም እናት እግር ላይ ይጠራቀማል። ኩላሊት አልታመመም፣ ልብም አልደከመም። ነገር ግን በከተማችን እግር አበጠ ማለት ኩላሊት አለቀ ማለት ነው፤ «የግፊት ኪኒን ኩላሊት ይጨርሳል» የሚለው ወሬም ከዚህ ብዙ ኃይል ያገኘ ይመስለኛል። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ ኩላሊትን የሚጨርሰው ያልታከመው ግፊት ነው። እናቲቱ አስቀድሞ «እማማ፣ እግርዎ ሊያብጥ ይችላል፤ ካበጠ ኪኒኑን ሳያቆሙ መጥተው ያሳዩን፤ መጠኑን እናስተካክላለን ወይም ሌላ እንጨምርበታለን» ተብላ ቢሆን ኖሮ እብጠቱ ሲመጣ ያወቀችው ነገር መጣ ማለት ነው። ካልተነገራት ግን የሚያስረዳት ጎረቤት አታጣም።

ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ያመጣል። ከሚወስዱት ሁሉ አይደለም፤ ነገር ግን ችላ የሚባል ቁጥር አይደለም። ሳሉ አክታ የለውም፣ ሌሊት ይብሳል፣ መድኃኒቱ ሲቆም በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። በአገራችን ግን ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ሌላ ስም አለው። የሳንባ ነቀርሳ ጥርጣሬ ይመጣል፤ አክታ ይመረመራል፣ ሽሮፕ ይገዛል፣ ፀረ ተሕዋስያን ይታዘዛል፤ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ይለያል። የአንድ ኪኒን ሳል አንድን አባት ከልጅ ልጆቹ ማዕድ ለይቶ ሊያስቀምጠው ይችላል። ይህን ሁሉ የሚያስቀረው «ደረቅ ሳል ቢጀምርዎት የኪኒኑ ሊሆን ይችላልና መድኃኒቱን ይዘው ይምጡ» የሚለው ነው። በዚያው መድኃኒት ላይ ፈጽሞ ሊዘለል የማይገባው ሌላ ነገር አለ፦ ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ድንገት ቢያብጥ መዋጡን ማቆምና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ አይከሰትም፤ ነገር ግን ከአፍሪካ ዘር በሆኑ ሰዎች ላይ ከሌላው ይልቅ ይታያል፤ መተንፈሻንም ይዘጋል።

ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያበዛል። ቀላል ነገር ይመስላል። ከባቢሌ ወይም ከዚያ ማዶ በአውቶቡስ ለሚመጣ ሰው ግን ቀላል አይደለም፤ በመንገድ ቀንና በገበያ ቀን ኪኒኑን የሚዘልሉ ብዙ ናቸው። በረመዳን ነገሩ ይበረታል፤ በሱሑር የተዋጠ እንደ ሆነ በጾሙ ሰዓት ውኃውን ያስወጣዋል፤ ቀትር ላይ ያዞራል። ረመዳን ካለፈ በኋላም በከተማችን ስድስቱ የሸዋል ቀናት ይጾማሉ፤ ከሸዋል ዒድ በፊት ማለት ነው። ሐኪሙን አማክሮ መዋጫውን ወደ ኢፍጣር ሰዓት ማዛወር ብዙውን ችግር ያቃልላል። ለዚህ ግን ወሩ ከመግባቱ በፊት ሊጠየቅ ይገባል፤ ባለሙያው የጾሙን አቆጣጠር ከመድኃኒቱ አቆጣጠር ጋር ማስታረቅ የሥራው አካል መሆኑን ማወቅ አለበት። የሽንቱ ብዛት ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ እንደሚቀልም መንገር አይከፋም፤ ሰው መጨረሻ ያለውን ችግር ይታገሣል።

አሁን ብርቱ ወደ ሆነው ተቃውሞ ልምጣ፤ በመስኮቱ ላይ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ባልደረቦቼ የሚያነሡት ነው። «ብትነግራቸው ይተውታል» ይላሉ። ንቀት አይደለም፤ ያዩት ነገር ነው። ሳይንሱም በከፊል ይደግፋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ጣሊያን ውስጥ 96 የልብ ሕመምተኞች አቴኖሎል እንዲወስዱ ተደርጎ በሦስት ተከፈሉ። የመድኃኒቱን ማንነት ካልተነገራቸው መካከል በወሲብ ላይ ድካም የገጠማቸው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ስሙን ከተነገራቸው 16 በመቶ ገደማ፤ ስሙም ጉዳቱም ከተነገራቸው ግን 31 በመቶ ሆኑ። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የመጣው ከንግግሩ ነው።

ታዲያ ዝም እንበል? እኔ አልስማማም፤ ምክንያቴም ሁለት ነው። አንደኛ፣ በሐረር ዝም ያለ ባለሙያ ዝምታ አያገኝም። በአፎቻው፣ በበርጫው፣ በገበያው ወሬው አለ፤ እኛ ሳንነግረው የቀረውን ሌላው አግንኖ ይነግረዋል። ሁለተኛው ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሞ ከወጣ የእንግሊዝ ጥናት ነው። የኮሌስትሮል ኪኒን ጎድቶናል ብለው ያቆሙ 60 ሰዎች አንዱን ወር እውነተኛውን፣ ሌላውን ወር ባዶውን፣ ሌላውን ወር ደግሞ ምንም ሳይወስዱ ስሜታቸውን በየቀኑ እንዲመዘግቡ ተደረገ። በእውነተኛው ኪኒን ከተሰማቸው 90 በመቶ የሚሆነው በባዶውም ተሰምቷቸው ነበር። ዋናው ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ የገዛ መዝገባቸው ተከፍቶ ሲታያቸው ግማሾቹ ወደ መድኃኒቱ ተመለሱ። እንግዲህ ሰዎቹን የመለሳቸው ስለ ጉዳቱ በግልጥ መነጋገሩ ነው፤ ጉዳቱ የተደበቀባቸውማ መጀመሪያውኑ ትተውት ነበር።

ስለዚህ ክርክሩ መንገር ወይም አለመንገር መሆን የለበትም። እግር ያብጣል፣ ሳል ይመጣል የሚለውን፣ ሰው ለሌላ በሽታ ሊተረጉመው የሚችለውን፣ አስቀድሞ መንገር ግዴታ ነው። ስለ ወሲብ ያለውን ግን ከኋላ የተሰለፈው ሰው በሚሰማበት መስኮት ለአንድ አባወራ ጮኾ መናገር ማስተማር አይደለም፤ ማሳፈር ነው። እዚያ የሚበጀው በር መክፈት ነው፦ «በቤትዎ ሕይወት ላይ ለውጥ ካዩ ይንገሩኝ፤ መፍትሔ አለው።» ብዙዎቹ የአቴኖሎልን ዓይነት መድኃኒት ሳይናገሩ በድንገት ያቆሙታል፤ በድንገት ማቆም ደግሞ በተለይ ለልብ ሕመምተኛ ከጎንዮሽ ጉዳቱ የባሰ አደጋ ነው፤ ልቡ ከቀድሞው በበለጠ ይመታል፤ የደረት ሕመሙም ሊቀሰቀስ ይችላል። በሚያሳፍር ነገር ምክንያት የሚሞት ሰው እንዳይኖር የተለየ ክፍል ቢቀር መጋረጃ እንኳ ይበቃል።

ንግግሩ ከወዲያ ወገንም የሚመጣ ነገር አለው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር በገባ ጊዜ የከተማይቱ ሊቃውንት ጫት እየበሉ ሲወያዩ አይቶ በመጽሐፉ መዝግቧል። ጫት በዚህ ከተማ የእንግድነት፣ የጸሎትና የምክክር ጓደኛ ሆኖ ኖሯል፤ ለማውገዝ አልተነሣሁም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1975 ተለይቶ የታወቀው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገሩ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ከሰዓት በኋላ በርጫ የተቀመጠ ሰው ማምሻውን ልቡ ሲመታ፣ አፉ ሲደርቅ፣ እንቅልፍ ሲያጣ ተጠያቂ የሚያደርገው ጠዋት የዋጠውን ኪኒን ነው። ባለሙያው ጫት ይቅማሉ ወይ ብሎ ካልጠየቀ ለጫቱ ሥራ ኪኒኑን ይቀይራል። አጠያየቁ ግን የፖሊስ መሆን የለበትም። በዚህ ከተማ የአንድን ሐረሪ እናት «አይ» ብሎ፣ አባትን «አው» ብሎ አክብሮ የጠየቀ ሰው እውነቱን ይሰማል፤ በወጣት ባለሙያ የተመረመረ ሽማግሌ ግን «ትቻለሁ» ብሎ ይወጣል።

በመጨረሻ ይህ ንግግር ከሐረር ወጥቶ የት ድረስ እንደሚሄድ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1785 ሐኪሙ ዊልያም ዊዘሪንግ ዲጂታሊስ ስለሚባለው የልብ ዕፅ በጻፈው መጽሐፍ ማቅለሽለሹን፣ የልብ ምት መዘግየቱን፣ ነገር ሁሉ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ መታየቱን ዘርዝሯል፤ ይህን ያወቀው በሽተኞቹ ስለ ነገሩት ነው፤ ቢጫ ሆኖ የሚታይን ዓለም ከባለ ዓይኑ በቀር ማን ያውቃል? የኢናላፕሪል ወገን መድኃኒቶች ሳል እንደሚያመጡም በሰፊው የታወቀው ገበያ ላይ ከዋሉ በኋላ ነው። በ1961 የታሊዶማይድ መዘዝ ሲገለጥ ዓለም ደነገጠ፤ በ1968 በዓለም ጤና ድርጅት ሥር አገሮች የመድኃኒት ጉዳት የሚያሳውቁበት መርሐ ግብር ተጀመረ። ኢትዮጵያ በ2008 አባል ሆናለች፤ በአገር ውስጥ ጉዳዩን የሚከታተለው ዛሬ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ጤና ባለሙያው የሚሞላው ቢጫ ቅጽም በየተቋሙ ይገኛል።

ቅጹ ግን ባዶ ሆኖ ይቀመጣል። ለምን ቢባል፣ በሽተኛው ጉዳት መሆኑን ካላወቀ ለባለሙያው አይነግርም፤ ባለሙያው ካልተነገረው አይሞላም። አብዛኛው መድኃኒት የተፈተነው በሌላ አገር፣ በሌላ ምግብና በሌላ ጾም ሥርዓት ውስጥ በሚኖር ሰው ላይ ነው። ጫት የሚቅም፣ ቁጢን በወተትና በጨው የሚጠጣ፣ በዓመት አንድ ወር ቀኑን ሙሉ ውኃ የማይቀምስ ሰው አምሎዲፒን ሲውጥ የሚሆነውን ሊመዘግብ የሚችለው የሐረር መስኮት ነው።

ለዚህም ለተማሪዎቻችን ያዘዝሁት ሥራ ቀላል ነው። ሰውየው በሁለተኛው ወር መድኃኒቱን ሊወስድ ሲመለስ፣ ፍሬው ከመቆጠሩ በፊት፣ በሚገባው ቋንቋ «ከጀመሩት ወዲህ ምን ተሰማዎት?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የተናገረውንም በራሱ ቃል ይጽፋሉ። «እግሬ ከበደኝ» ካለ «እግሬ ከበደኝ» ተብሎ ይጻፋል፤ ወደ ሕክምና ቃል መለወጡ በኋላ ይደርሳል። ጥያቄውን ዛሬ እዚህ የተቀመጣችሁ የሐረሪ፣ የኦሮምኛና የሶማሊኛ ተናጋሪዎች ወደየቋንቋችሁ ብታቃኑልን እጅግ ደስ ይለናል፤ ወረቀቱ በአዳራሹ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።